ከብራና ውግዘት እስከ ፎንት ፈቃድ

በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ቅጠሎች ላይ፣ መጽሐፉ የማን እንደሆነ ወይም ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ የሚገልጽ ማስታወሻ፣ ከእሱም ጋር መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል በብዛት ይገኛል። ውግዘቱ ምን እንደሚከለክልና ምን እንደማይከለክል በጥንቃቄ ሲታይ፣ የተጠበቀው ግዙፉ ብራና እንጂ በውስጡ ያለው ድርሰት አለመሆኑ ይገለጣል፤ መጽሐፍ ተውሶ መገልበጥ ከኃጢአት ሳይሆን ከበጎ ሥራ ይቆጠር ነበርና። ለጸሐፊው የሚከፈለውም የእጁ ድካም ዋጋ ነበር እንጂ የድርሰት ባለቤትነት ዋጋ አልነበረም።

በዚህ ልማድ ላይ ሌላ ሥርዓት የደረበው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነትን ደንግጓል፤ በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ተርታ አሰለፈው። የዚህ ውጤት ብዙ ጊዜ አይስተዋልም፦ ባለቤቱ ምንም ሳይናገር ያወጣው ፕሮግራም ለሁሉ የተፈቀደ ሳይሆን የተከለከለ ነው፤ ዝምታ ፈቃድ አይሆንም። ፈቃድ፣ በተለምዶ ላይሰንስ የሚባለው፣ ባለቤቱ ከመብቱ የትኛውን ለሌላው እንደለቀቀ የሚገልጽበት ጽሑፍ ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ የሆነው ግን ወደ ብራናው ዘመን ልማድ የቀረበ ነበር። የዚያን ጊዜ ሠሪዎች የአማርኛን ፊደላት ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ እየደረቡ፣ እያንዳንዱም በየራሱ አደራደር፣ ፎንት (የፊደላትን ቅርፅ የያዘ ፋይል) ያዘጋጁ ስለነበር፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። ደብዳቤውን የሚልክ ሰው ፎንቱን አብሮ ካልላከ መልእክቱ አይነበብም፤ ፎንቱን ከላከ ደግሞ በሽያጭ የቀረበ ሥራ ያለፈቃድ አባዛ ማለት ነው። ከሳንሱሲ እስከ መርካቶ ባሉ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች ፎንት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረው በስርቆት ፍላጎት ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደላት የጋራ ቁጥር ሲመድብ የቁጥሩ ችግር መፍትሔ አገኘ፤ የፈቃዱ ጥያቄ ግን ባለበት ቀረ።

ጥያቄውን ያወሳሰበው «ነፃ» የሚለው ቃል ነው። አማርኛ ያለ ዋጋ የተሰጠውንም፣ ከአሳሪ የተላቀቀውንም በዚሁ አንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ያለ ክፍያ የሚወርድ ፎንት ሁሉ «ነፃ ፎንት» ተባለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ለተጠቃሚው ተጨማሪ ዋጋ አልነበረውም፤ ቅርፁን አሻሽሎ ለሌላ ማከፋፈል ግን አልተፈቀደም። በአንጻሩ በጀርመን የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር ቴክ ለተባለው የኅትመት ማቀናበሪያ ያዘጋጁት የግእዝ ፎንት በጂፒኤል ፈቃድ ወጣ፤ ይህም ሥራውን የሚያሻሽልና የሚያሠራጭ ሁሉ ማሻሻያውን በዚያው ፈቃድ እንዲለቅ የሚያስገድድ ነው። ቅርፆቹ ግኑ ፍሪፎንት ወደተባለው የፎንቶች ስብስብ ሊሻገሩ የቻሉትም ይህ ፈቃድ ስለነበራቸው ነው፤ ያለ ዋጋ መገኘታቸው ብቻውን አያሻግራቸውም ነበር።

ክፍት ምንጭ ወይም ኦፕን ሶርስ ለሚለው ስም መለኪያ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የተመሠረተው ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ዴቢያን ከተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት መመሪያ በመነሣት አሥር መስፈርቶች አስቀመጠ። ከእነዚህ ውስጥ ምንጩ፣ ማለትም ሰው የሚያነበውና የሚያርመው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ ይገኝ የሚለው አንዱ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ በሰው ወይም በሥራ መስክ እንዳያዳላ የሚጠይቁት አምስተኛውና ስድስተኛው ብዙዎችን ይጥላሉ። «ለግል አገልግሎት ብቻ» ወይም «ለንግድ የማይውል» የሚል ፎንት፣ ልግስናው ምንም ቢያስመሰግን፣ ክፍት ምንጭ አይደለም።

እነዚህን መስፈርቶች በመፈተን ረገድ ግን የኤስአይኤል ኦፕን ፎንት ላይሰንስን የሚያህል ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አቢሲኒካ የተባለው የግእዝ ፎንት የሚሠራጭበት ይህ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በ2007 የተሻሻለ ሲሆን፣ ከአምስቱ ግዴታዎቹ የመጀመሪያው ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ይከለክላል። መሸጥን የሚከለክል ፈቃድ እንዴት ክፍት ይባላል? መልሱ ያለው በመጀመሪያው መስፈርት አነጋገር ውስጥ ነው፤ መስፈርቱ የሚጠይቀው ሥራውን የሌላ ስብስብ አካል አድርጎ መሸጥ እንዳይከለከል ነውና፣ ፈቃዱም ፎንቱ ከማንኛውም ሶፍትዌር ጋር ተጠቃሎ እንዲሸጥ ስለሚፈቅድ ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ እ.ኤ.አ. በ2009 አጽድቆታል። ገደቡ ፎንቱን ከአንድ ትንሽ ፕሮግራም ጋር በመጠቅለል ብቻ ይታለፋል ማለት ይቻላል፤ ከመስፈርቱ ፊደል ጋር ግን አይጋጭም። የተሻሻለ ፎንት በባለቤቱ የተጠበቀውን የቀድሞ ስም እንዳይይዝ የሚያስገድደው ግዴታም በአራተኛው መስፈርት የተፈቀደ ነው። የጉግል ኖቶ ፎንቶችም እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፓቼ ፈቃድ ወደዚህ ፈቃድ ስለተዛወሩ፣ ከዚያ በፊት የወረደ የኖቶ ቅጂ ሌላ ፈቃድ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራው በፎንቱ ስም ሳይሆን በእጅ ባለው ቅጂ ላይ መሆን ይኖርበታል።

ዛሬ ይኸው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከፎንት በላይ ለሆነ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር፣ በህንድ ባንጋሎር ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የወጣ ሲሆን፣ የሚሠራጭበት ሞዚላ ፐብሊክ ላይሰንስ 2.0 በኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የጸደቀ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ የተሻሻሉት የቀድሞ ፋይሎች ለሌላ ሲሠራጩ ምንጫቸው እንዲገለጥ ያስገድዳል፤ ለብቻቸው ተጽፈው የሚጨመሩ አዳዲስ ፋይሎችን ግን አይነካም። ስለዚህ «ፋይዳ ክፍት ምንጭ ነው» የሚለው አባባል ትክክል የሚሆነው ሥርዓቱ ለታነጸበት መሠረት ብቻ ነው።