ዲግሪ ያልጠየቀው ሙያ በፎገራ

በፎገራ ሜዳ ማኅበራዊ ሥራ ሙያ ተብሎ ከመጠራቱ በፊት ሥራው ነበረ። የመረዳጃ ማኅበሩ ቅሬ ሙት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ ጉልበት ያጠረው ገበሬ አዝመራውን በደቦ ይሰበስባል፤ ሽማግሌ የተጣላውን ያስታርቃል። ይሁንና የቅሬ እጅ የሚዘረጋው በዋናነት ለአባሉ ነው፤ ጧሪ የሌለው አረጋዊ ብዙ ጊዜ ከደጀ ሰላም ይወድቃል።

ይህን ክፍተት በድፍረት የነካው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ይገኛል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ሲመሠርተው ሴት ታርሳለች፣ ወንድም ይጋግራል ተባለ። ጎረቤቱ ተቆጣ። በደርግ ዘመን ማብቂያ ማኅበረሰቡ ወደ ቦንጋ ተሰደደ፤ ሲመለስ አብዛኛው መሬቱ በሌሎች ተይዞ ስለጠበቀው ወደ ሽመናና ወደ ንግድ አዘነበለ። አባላቱ በሳምንት አንድ ቀን «ለወገን ደራሽ» ብለው ይሠራሉ፤ ገቢው ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ወላጅ ላጡ ልጆች ይውላል። አረጋውያኑ የሚጦሩበት ቤትም አለ።

የሙያው ትምህርት የመጣው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በደርግ ጊዜ ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ተጀመረ። ባለሙያው አማካሪ፣ ከአገልግሎት አገናኝና ተሟጋች ነው። የባለጉዳዩን ክብርና በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብቱን መጠበቅ ለሜዳው ሰው እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው ምስጢር መጠበቅ ነው፤ ጉዳይ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በአደባባይ በሚታይበት አገር።