ከደብረ ታቦር የተባረረው ፈረንሳይኛ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ አዲስ ዘመን ሲደርስ የጣራ ገዳም ደን ከተራራው ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይታየዋል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ይፋግ ትገኛለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሞሌና ከብት የሚለወጥባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደጋውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወጡ ደብረ ታቦር አለች፤ ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ ራስ ዓሊ አገር ያዘዙባት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አጠገቧ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩባት፣ ዐፄ ዮሐንስ የተቀመጡባት ከተማ። የዚህ አገር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ በግእዝና በአማርኛ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ጥቂት የማይባለው ክፍል የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ከምንጩ ሊያነበው የሚችል ኢትዮጵያዊ ግን ጥቂት ነው።

ከጸሐፊዎቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ አርኖ ዳባዲ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ከአንቷን ጋር በ1838 ምጽዋ ወርዶ ወደ ጎንደር ዘለቀ። ጎንደር ውስጥ ያስጠጓቸው ሊቅ አጽቁ የሚባሉ የሕግ ዐዋቂ ነበሩ። አንቷን መለኪያ መሣሪያውን ይዞ ተራራ ከተራራ እያነጻጸረ ካርታ ሲሠራና የብራና መጻሕፍት ሲሰበስብ፣ አርኖ ግን የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ተጠግቶ በሠራዊታቸው ውስጥ ወታደር ሆነ። አማርኛውን እንደ አገሬው ለመደ፤ «ራስ ሚካኤል» የሚል ስምም ወጣለት። የመሳፍንቱን ግብር፣ የአሽከሩን አነጋገር፣ የተሟጋቹን ክርክር፣ የዘማቹን ስንቅ ከውስጥ ሆኖ አየ። በከፍተኛው ኢትዮጵያ ስላሳለፋቸው 12 ዓመታት የጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያው ቅጽ ፓሪስ ላይ የታተመው በ1868 ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት። የቪክቶር ሁጎ «ሌ ሚዜራብል» ከወጣ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። አርኖ የዚያኑ ዘመን ሰፊና ደልዳላ የፈረንሳይኛ ስድ ንባብ ይዞ ስለ በጌምድርና ስለ ጎጃም ጻፈ። ቀሪዎቹ ቅጾች ከእጅ ጽሑፍ ወጥተው መታተም የጀመሩት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980 ቫቲካን ውስጥ ነው። የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህን ሥራ እንደ ተራ የመንገደኛ ማስታወሻ ሊያልፈው አይገባም።

ከእሱ በፊት ኮምብና ታሚዝዬ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በራስ ዓሊ ዘመን መጥተው በ1838 ባለ አራት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከእሱ በኋላ ደግሞ የፈረንሳይ ቆንሲል ጊዮም ሌዣን መጣ። ሌዣን በ1863 ዐፄ ቴዎድሮስን አስቆጥቶ በሰንሰለት ታሰረ። ከተፈታም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለሦስተኛው ናፖሊዮን የላኩት ደብዳቤ መልስ እስኪመጣ ድረስ አገር ለቆ መውጣት አልቻለም። መልሱ ሲመጣ ክብራቸውን የሚመጥን ሆኖ አላገኙትም፤ ሌዣንንም ከአገር አስወጡት። እሱም በ1865 ስለ ቴዎድሮስ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ የተበሳጨ ሰው ስሜት ያለበት ነው፤ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ቢሆንም ቴዎድሮስን ፊት ለፊት ያየ፣ ድምፃቸውን የሰማ ሰው ምስክርነት ነው።

ለዛሬው ርእሴ ዋናው ነገር ግን የሆነው ሌዣን ከታሰረ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በ1878 ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ገብረው፣ የቦሩ ሜዳው ጉባኤም የሃይማኖቱን ክርክር ከቆረጠ በኋላ፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡ ታዘዘ። በ1879 የሚሲዮኑ ጳጳስ አቡነ ማስያስ፣ ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ አባ ቶረን ካኣኝና አባ ሉዊ ላሴር ከሸዋ ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። አቡነ ማስያስ ጣሊያናዊ ቢሆኑም ያዘጋጁት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በ1867 የታተመው ፓሪስ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ደብረ ታቦር ላይ አነጋገሯቸውና በሱዳን በኩል ከአገር እንዲወጡ ፈረዱ። ንጉሠ ነገሥቱን በዚህ አልወቅስም። ከአራትና ከሦስት ዓመት በፊት ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር የተዋጉ ንጉሥ ነበሩ፤ ሚሲዮናዊ በገባበት በር መንግሥት ተከትሎ ይገባል ብለው መስጋታቸው የሚያስገርም አልነበረም።

ማስያስ ሸምግለው ነበርና ሥራቸውን ለቀቁ። አባ ቶረን ግን ተስፋ አልቆረጡም። ኃላፊነቱን ተረክበው በዘይላ በኩል ዞረው በ1881 ሐረር ገቡ። ሐረር ያን ጊዜ በግብፅ እጅ ስለነበረች የዐፄ ዮሐንስ ፍርድ አይደርስባትም ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦም በነጋዴነት ሐረር ከገባ ወራት ማለፉ ነበር። በ1887 ምኒልክ ሐረርን ያዙና ራስ መኰንን አገረ ገዥ ሆኑ። አባ ቶረን በ1899 ሲያርፉ ወንበሩ በማግስቱ ዓመት ለሞንሴኞር አንድሬ ዣሮሶ ተላለፈ፤ እኚህ ሰው የራስ መኰንን የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛን ከጓድሎፑ ሐኪም ከዶክተር ቪታሊያን ጀመሩ፤ ቀጥሎም በሚሲዮኑ ከተማሩት ከአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ተማሩ። አባ ሳሙኤል በ1915 በሐረማያ ሐይቅ ጀልባ ሰጥማ ሕይወታቸው አለፈ።

እንግዲህ ደብረ ታቦር ላይ የተዘጋው በር በሐረር በኩል ተከፈተ። ዐፄ ዮሐንስ በ1879 ያባረሯቸው መነኩሴ የተከሉት ሚሲዮን፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነውን ልጅ መምህር አፈራ። ፈረንሳይኛ በኢትዮጵያ የቤተ መንግሥትና የውጭ ጉዳይ ቋንቋ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት የጅቡቲው ባቡር ነበር፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። በ1907 አዲስ አበባ ላይ የፈረንሳይኛ ማስተማሪያው አሊያንስ ተከፈተ፤ በዓመቱ የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከተለ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ»ን ጻፉ። የጎንደሩ ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ በ1920ዎቹ ለሥዕል ትምህርት ፓሪስ ሄዱ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በፓሪስ ሕግ ተምረው ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። የቀድሞው ተፈሪ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ራሳቸው ግን በ1936 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ አሳምረው የሚያውቁትን ፈረንሳይኛ ትተው በአማርኛ ተናገሩ። ያን ውሳኔያቸውን ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ፍቅሩ የአንድ ወገን አልነበረም። የፓሪስ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ሞንዶን ቪዳዬን ይዞ አማርኛን ማስተማር የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ማርሴል ኮኸን በ1936 ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ። (የይፋጉ ተወላጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በዚሁ ዘመን፣ ከ1905 ጀምሮ፣ በርሊን ላይ ጀርመኖችን ግእዝና አማርኛ አስተምረዋል። የጣራ ገዳም ጎረቤት ለአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሰጥቷል ማለት ነው።)

ከጣሊያን መውጣት በኋላ እንግሊዝኛ በረታ። በ1947 ሊሴ ገብረ ማርያም ተከፍቶ ፈረንሳይኛን በአዲስ አበባ አጸና፤ የሌላው ትምህርት ቤት ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ሆነ። በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን የመሠረቱት ሉሲየን ማትና ጓደኞቻቸው፣ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ የኪቤክ ካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። እነሱም ያስተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። በዩኒቨርሲቲው ፈረንሳይኛ እንደ አንድ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ቆየ፤ ተመራቂዎቹም በአፍሪካ ኅብረት፣ በኤምባሲ፣ በአስጎብኚነትና በአስተርጓሚነት እንጀራ አግኝተውበታል። ይህ የሚናቅ አይደለም።

እኔ የምለው ግን ለበጌምድር ልጅ ፈረንሳይኛ ከእንጀራም በላይ ነው። አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ ዝርዝራቸውን በ1859 ያሳተመው በፈረንሳይኛ ነው፤ በ1881 ያወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ፍቺው በፈረንሳይኛ ነው። በ1932 የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ሲከርም ባለቅኔው ሚሼል ሌሪስ የዛር ቤቱን ሌሊት በማስታወሻ ያዘ። የሰማውን ያስረዱት ፈረንሳይኛ ዐዋቂው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ፤ ያለ እሳቸው ያ ማስታወሻ ባልተጻፈ ነበር። ያው ቡድን ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነቅሎ በቅጂ የተካቸው ሥዕሎች ዛሬ ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። እንዴት እንደተነሡ የሚተርከው ሰነድም በፈረንሳይኛ ነው። ንብረቱን የሚጠይቅ ትውልድ ሰነዱን ራሱ አንብቦ መሟገት አለበት፤ ሌላው በመረጠለት ጥቅስ ላይ ተደግፎ ክርክር አይረታም።

ደብረ ታቦር ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። እዚያ ሙሉ የፈረንሳይኛ ክፍል ይከፈት አልልም፤ መምህር በቀላሉ አይገኝም። የታሪክና የቅርስ ተማሪዎች ግን ሰነድ ለማንበብ የሚያበቃ የሁለት ዓመት ኮርስ ቢወስዱ ይበቃል። የአዲስ አበባዎቹ የፈረንሳይኛ ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ሥራቸውን በትርጉም ቢያደርጉት፣ አንዱ ከአርኖ የጎንደርን ምዕራፍ፣ ሌላው ከሌዣን የጋፋትን፣ ሦስተኛው ከማስያስ ጓደኞች ደብዳቤ የደብረ ታቦርን ፍርድ ቢወስድ፣ በጥቂት ዓመት አንድ ጥራዝ ይወጣዋል። የአርኖ የ1868ቱ ቅጽም ሆነ ብዙዎቹ የአንቷን ብራናዎች በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ገጽ በነፃ ይነበባሉ፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው መምህሩና መዝገበ ቃላቱ ነው።