የድሬዳዋ መንገደኛና ሦስቱ የቀን አቆጣጠሮች

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ለሚሻገር ሰው ስንቅና ገንዘብ ብቻ በቂ ሆኖ አያውቅም። የሚደርስበት ዕለት በዚያ አገር የሥራ ቀን መሆኑን፣ ቢሮውና ሱቁም በስንት ሰዓት እንደሚከፈት አስቀድሞ ያላሰበ መንገደኛ፣ በዚያ ሙቀት የተዘጋ በር ሲጠብቅ የስንቁን ግማሽ ይጨርሳል። ስለ ምድር ባቡሩ ሥራ ብዙ ሲነገር ይህ የዕለት ሒሳብ ግን እምብዛም አይነሣም።

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለስዊሱ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው አሳብ እስከ ሐረር ለመዝለቅ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ፤ አዲሲቱም ከተማ በዚያው ተቆረቆረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሌሊት አይጓዝም ነበርና፣ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት በአዋሽ፣ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ከባሕሩ ይደርሳል። መርከብ ላይ የሚሳፈር ሰው እንግዲህ መቁጠር የሚጀምረው ከመርከቡ ቀን ወደ ኋላ ነው።

የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፣ ተሳፋሪው «ሰባት ሰዓት» ሲባል የሀገሩ ሰባት ነው ወይስ የፈረንጅ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የሀገሩ ከሆነ ከቀትር በኋላ ነው፤ የፈረንጅ ከሆነ ገና ጧት አንድ ሰዓት ነው። በጅቡቲና በድሬዳዋ ፀሐይ የምትወጣው በአንድ ጊዜ ያህል ነው፤ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው። ስሙ ግን ባቡር ያስመልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የታኅሣሥ ወር ነበር። ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ሳለች፣ ታኅሣሥ 16 ቀን የፈረንጆች ልደት ስለሚውል ቢሮ ይዘጋል። በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ይህ በዓል መንግሥት ሥራ የሚዘጋበት ባይሆንም ድሬዳዋን በመንገደኛ ያጥለቀልቃታል፤ ማደሪያ ማግኘትም ጭንቅ ይሆናል። ታኅሣሥ 23 ደግሞ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ጅቡቲ ስትከፈት የኛ ገና በታኅሣሥ 29፣ ጥምቀትም በጥር 11 ይከተላል። ይህም ሒሳብ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይዛነፋል። ጳጉሜን 6 በሆነች ጊዜ እንቁጣጣሽ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 እንደዚሁ ነበረ። በዚያው ዓመት ገና የተከበረው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው።

ሦስተኛው አቆጣጠር በጨረቃ የሚሄደው የእስላሙ ነው። በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ረመዳን አንድ ጊዜ በክረምት፣ ሌላ ጊዜ በበጋ ይገባል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላ ነጋዴዎች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር፤ የመንግሥት መቁጠሪያ ግን አያውቀውም ነበር። በኢድ ቀን ነጋዴው ሱቁን ሲዘጋ ቢሮው ክፍት ነው፤ በመስቀል ቀን ደግሞ እርሱ ለሥራ ሲነሣ ቢሮው ዝግ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች ካቀረቡት ጥያቄ አንዱ የበዓላቸው መታወቅ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላም ኢድ አል ፈጥር፣ ኢድ አል አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ይህን ነገር የእምነት ክብር ጥያቄ ብቻ አድርገው የሚያዩት አሉ። በእኔ አስተያየት በድሬዳዋ የእንጀራም ጥያቄ ነበር፤ በዓሉ በመቁጠሪያው ያልተጻፈለት ሰው የሁለት ወገን በዓል ኪሣራ ይሸከማልና።

ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች ወዲህ የፈረንሳዮቹ የሐምሌ 7 በዓል ቀርቶ ሰኔ 20 የነፃነቷ በዓል ሆኗል። የሳምንቱ ዕረፍትም ዛሬ ዓርብና ቅዳሜ ነው። የእኛ ቢሮዎች ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ይዘጋሉ፤ ዓርብም ለጁምዓ ሶላት ሲባል የምሳው ዕረፍት ይረዝማል። ስለዚህ በሁለቱም አገር ቢሮ ጉዳይ ያለው ሰው በሳምንት የሚያገኛቸው የጋራ የሥራ ቀኖች ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት አራቱ ብቻ ናቸው። በእነዚህም ቢሆን የጅቡቲ ሥራ በማለዳ ተጀምሮ ቀትር ላይ፣ ጫቱ ከወዲህ በሚደርስበት ሰዓት፣ ይበርዳል። ድሬዳዋም ብትሆን በቀትር ሙቀት ሱቋን ዘግታ ማረፍን ታውቃለች፤ በዚህ ጠባይ ሁለቱ ከተሞች እኅትማማቾች ናቸው።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ ባቡር፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ሰጥቷል። ያ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር የዓመቱ መባቻ ነው። አዲሱ ጣቢያ እንደ ለገሃር በከተማው መካከል ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው፤ በጅቡቲም መድረሻው ናጋድ ነው። መንገዱ አጥሯል፤ ሦስቱ አቆጣጠሮች ግን እንዳሉ ናቸው። በረመዳን መጨረሻ የሚጓዝ ሰው ዛሬም ትኬቱን የሚቆርጠው ጨረቃ ከመታየቷ በፊት ነው።