የጎደለውን ጥርስ መምረጥ፦ ከጉማሬ ጥርስ እስከ አክሪሊክ

የወለቀ ጥርስን በሌላ ለመተካት የተደረገው ሙከራ እጅግ ጥንታዊ ነው። በዛሬዋ ኢጣሊያ ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የሰው ወይም የከብት ጥርስ በቀጭን የወርቅ መቀነት ከቀሪዎቹ ጥርሶች ጋር ያያይዙ ነበር። ጥርሶቹን በሙሉ ላጣ ሰው የሚሠራ ባለሙያ አደራደሩን ለመወሰን ሰፊ ነፃነት አለው። ከፊሉን ብቻ ላጣ ሰው የሚሠራው ግን ይህ ነፃነት የለውም፤ በአፍ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች በቀለምም፣ በመጠንም፣ በአቀማመጥም ይመሰክሩበታልና።

የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በአፋቸው የቀረው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሐኪማቸው ጆን ግሪንውድ የታችኛውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጉማሬ ጥርስ ሲሠራ ለዚያች አንዲት ጥርስ ማለፊያ ቀዳዳ ተወላት። ጥርሳቸው ከእንጨት የተሠራ ነበር የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በተለያየ ጊዜ በተሠሩላቸው ጥርሶች ላይ የዋሉት የጉማሬ ጥርስ፣ የሰው ጥርስና ብረታ ብረት ናቸው። የሰው ጥርስ ከየት ይገኝ እንደ ነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1784 በዋሽንግተን ርስት የሒሳብ መዝገብ ላይ ለዘጠኝ ጥርሶች ዋጋ 6 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ለጥቁሮች መከፈሉ ተጽፎ ይገኛል። ጥርሶቹ በማን አፍ እንደ ገቡ መዝገቡ አይናገርም። በባርነት ዘመን «ሻጭ» የተባለው ሰው ለመሸጥ እንቢ ማለት ይችል እንደ ነበርም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1815 ከተደረገው የዋተርሉ ጦርነት በኋላም ከወደቁ ወታደሮች አፍ የተነቀሉ ጥርሶች ለዚሁ አገልግሎት ውለዋል፤ «የዋተርሉ ጥርስ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

የጉማሬም ሆነ የሰው ጥርስ አፍ ውስጥ ሲቆይ ይበሰብሳል፣ ይሸታል። ሽታው ያስመረረው የፈረንሳይ መድኃኒት ቀማሚ አሌክሲስ ዱሻቶ እ.ኤ.አ. በ1774 ገደማ ወደ ፖርሲሊን ፋብሪካ ሄዶ ሙከራ ጀመረ፤ ኒኮላ ዱቧ ደ ሼማን የተባለው የጥርስ ሐኪም ሥራውን አሻሽሎ አስፋፋው። ሆኖም ጥርሱና ድዱ በአንድ ወጥ የሚጋገር ስለ ነበር እሳት ውስጥ ሲገባ ይኮማተራል፣ ልክም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1808 ጁዜፓንጄሎ ፎንዚ በፓሪስ እያንዳንዱን ጥርስ ለብቻው፣ ከጀርባው የፕላቲኒየም ማያዣ አድርጎ ሠራ። «ጥርስ መምረጥ» የሚባለው ሥራ በእውነት የተጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ጥርስ ነጠላ በነጠላ ካልቀረበ ምርጫ የለምና።

ፋብሪካዎች ሲበራከቱ በምን መለኪያ ይመረጥ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብዙዎች የተከተሉት የጥንቱን የአራቱን ጠባያት ትምህርት ነበር፤ ቁጡው ይህን፣ ዝግተኛው ያንን ዓይነት ጥርስ ይገባዋል ይባል ነበር። ጄምስ ሊዮን ዊሊያምስ ይህን ነቀፈ። ብዙ የራስ ቅሎችን መርምሮ የጥርስ ቅርጽ በየሕዝቡ ሦስት ዋና ዓይነት ነው፤ ይኸውም አራት ማዕዘን፣ ወደ ድድ እየጠበበ የሚሄድና ሞላላ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጣው ሐሳብም የላይኛው መሐለኛ የፊት ጥርስ ሲገለበጥ የፊትን ቅርጽ ይመስላል ሲል አስተማረ። ትምህርቱ ለማስተማርም ለመነገድም ቀላል ስለ ነበር የጥርስ አምራቾች ዝርዝራቸውን በዚሁ አዘጋጁ። ኋላ የተደረጉ ልኬቶች ግን በፊትና በጥርስ መካከል የተባለውን ያህል ጽኑ ዝምድና አላገኙም። በ1950ዎቹ ፍረሽና ፊሸር ያስፋፉት፣ ለሴት ክብ ለወንድ ማዕዘናዊ ጥርስ የሚለው አስተያየትም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለውም።

ከፊል ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ለእነዚህ ክርክሮች ብዙም አይቸገርም፤ መለኪያው ከጎን ቆሟል። ችግሩ ሌላ ነው። ጥርስ ከወለቀ ከቆየ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ከትይዩ ያለውም ይወርዳል ወይም ይወጣል። በዚህ ጊዜ ጠባብ ጥርስ መርጦ ከማስገባት ይልቅ ትክክለኛውን ስፋት ይዞ ጥቂት ማዞር ወይም በጎረቤቱ ላይ ማስደረብ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላል። ከ1940ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የአክሪሊክ ጥርስ ይህን ሥራ አቃልሏል። ከፖርሲሊን ይልቅ ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን በብረቱ ማያዣ ዙሪያ ተሞርዶ ይገጥማል፣ ከመሠረቱ ጋርም ይዋሐዳል፣ ትይዩውን ጥርስም እንደ ፖርሲሊን አይበላውም። በስተኋላ ደጋፊ ጥርስ በሌለበት የታችኛው መንጋጋ ላይ ደግሞ ጠበብ ያሉና በቁጥር ያነሱ ጥርሶችን መደርደር በድዱና በአጥንቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል።

በፋብሪካ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ ፍንጭት። በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ የቁንጅና ምልክት የሆነው ይህ ክፍተት በሰም ላይ ተደርድረው በሚሸጡት ስድስት የፊት ጥርሶች መካከል የለም። ባለፍንጭት የነበረች ሴት አንዱን መሐለኛ ጥርሷን ብታጣ፣ ክፍተቱን ሁሉ የሚሞላ ሰፊ ጥርስ የመረጠላት ባለሙያ ሥራው ያለ እንከን ቢሆን እንኳ ሌላ ሰው አድርጓት ያሰናብታል። ስለዚህ ቀሪው መሐለኛ ጥርስ ይለካል፤ አዲሱም በዚያው ስፋት ተመርጦ ፍንጭቱ ባዶ ይተዋል። ጥርሱ ሳይወልቅ የተነሣችው ፎቶግራፍ ካለም ከልኬቱ ጋር ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።