ድምፁ የተዘጋ ውጅግራ

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር በየቤቱ ከተሰቀሉበት የሚወርዱ አሮጌ ጠመንጃዎች አሉ። ከነዚህም ስመ ጥሩው ውጅግራ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የወጣ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጥይቱን አንድ በአንድ እያጎረሱ የሚተኩሱት መሣሪያ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የቅኝ ገዥውን ጦር ድል የነሣው ሠራዊት ከታጠቃቸው ጠመንጃዎች አንዱ እርሱ ነበር። ጥይቱም በዚያ ዘመን ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር ልብ ይሏል።

በኤውሮፓ እንዲህ ያለው ቅርስ ወደ ሰብሳቢ እጅ ሲገባ አንዳንድ ጊዜ እንዳይተኩስ ይደረጋል። የመምቻ መርፌው ይወጣል፤ አፈሙዙ ይደፈናል ወይም ይሰነጠቃል፤ መዝጊያው በብየዳ ይጣበቃል። ታዲያ ይህን የተዘጋ አንደበት እንደገና ከፍቶ፣ ያለ አደጋ ማናገር ይቻላልን?

ብልህ አንጥረኛ አንድ ጊዜ ሊያስጮኸው ይችል ይሆናል። ያለ አደጋ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ውጅግራ የጥቁር ባሩድ ልጅ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ካወጣ በኋላ፣ በ1886 የተሠራው ለቤል መዝጊያውን ከፊት በሁለት ጥርስ አጥብቆ እንዲይዝ ተደረገ፤ የአዲሱ ባሩድ ግፊት ከፍ ያለ ነበርና። የውጅግራን መዝጊያ ግን የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ነው። ይህ ከተሰበረ ብረቱ የሚመለሰው ወደ ተኳሹ ፊት ነው።

በዚህ ላይ የዕድሜ ጣጣ አለ። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ ሳይታጠብ የከረመ አፈሙዝ ከውጭ እያብረቀረቀ ውስጡ በዝገት ተቦርቡሮ ይገኛል። የብየዳ እሳትም የብረቱን ጠባይ ይለውጣል፤ የተሰነጠቀው ቦታ ቢሞላና በሞረድ ቢለሰልስ እንኳ ጥንካሬው ተመልሷል ማለት አይደለም። ዓይን ይህን አይለይም። የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1813 በሕግ የመፈተኛ ቤት ያቋቋሙት፣ እያንዳንዱን አፈሙዝ ከወትሮው በበለጠ ባሩድ ተኩሰው ማኅተም የሚመቱበት፣ ዓይን እንደማይበቃ ስላወቁ ነው። ያ ማኅተም ደግሞ የሚመሰክረው በተመታበት ቀን ስለነበረው ብረት እንጂ ስለ ተበየደው አይደለም።

የአያታቸውን ጠመንጃ ለማስጮህ የሚመኙትን አልነቅፍም፤ ምኞቱ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ጥገናው ራሱ ቅርሱን ይበላል። በውጅግራ አካል ላይ የሴንት ኤትየን ወይም የሻቴልሮ ፋብሪካ ስም ተቀርጿል፤ በሰደፉም ላይ የባለቤቱ ምልክት ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። ጠመንጃው ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እንዳለፈ የሚነግሩን እነዚህ ናቸው፤ የጠጋኙ ሞረድም በመጀመሪያ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው።