ሁለት ብርና አንድ አንበሳ

አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጉንደ ወይንና ከአካባቢዋ ብዙም ሳይርቁ የኖሩ ሴት ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። በሣጥናቸው ግርጌ ግን በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ የተቋጠሩ ሦስት የብር ገንዘቦች ነበሯቸው። ልጅ ሳለሁ ለዓመት በዓል ሣጥኑ ሲከፈት እኔም እንዳይ ይፈቀድልኝ ነበር። ሁለቱ ጠገራ ናቸው፤ ሦስተኛው አንበሳ ያለበት የምኒልክ ብር ነው። ታዲያ ስንት ብር እንዳላቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ሁለት ብርና አንድ አንበሳ።»

ያን ጊዜ የአነጋገር ለዛ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ታሪክን ሥራዬ ካደረግሁ ወዲህ፣ ነገሩ ለዛ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ። የምኒልክ ብር ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም 28 ግራም ያህል ይመዝናሉ። በንጽሕናም ቢሆን ከሺህ 835 እጅ ንጹሕ ብር የያዘው የምኒልኩ፣ 833 እጅ ከያዘው ጠገራ በጥቂቱም ቢሆን ይበልጣል። እንግዲያውስ የገዛ ንጉሠ ነገሥታችን ምስል ያለበት ብር ስለምን ከቁጥር ወጣ? የባዕድ ንግሥት ምስል ያለበትስ ስለምን «ብር» የሚለውን ስም ለብቻው ወረሰ? ዛሬ ላነሣው የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥያቄው የቅርስ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካም ጥያቄ ነውና።

ጠገራ የምንለው የኦስትሪያዋ ገዥ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ ያረፉት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ሁሉ፣ ትናንት የተመታውም ቢሆን፣ የሚያሳየው ዓመት 1780 ነው። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ቃል ተቀርጿል። ከምስሉ ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ የጉንትስቡርግ ገንዘብ መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስሞች መነሻ ናቸው። ኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 ከሕጋዊ ገንዘብነት ሽራዋለች፤ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ገና ብዙ ዘመን ነገሠ።

በጎጃምም እንደዚሁ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ በደቡብ ጎጃም፣ በየጁቤ አጠገብ፣ የባሶ ገበያ ነበር። ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና፣ እንዲሁም ለመናገር የሚያሳፍረን የባሪያ ንግድ፣ በዚያ ያልፍ ነበር። ትልቁ ሒሳብ በጠገራ፣ ትንሹ በአሞሌ ጨው ይዘጋል። ጠገራው ደግሞ ዝም ብሎ አይወሰድም። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ አገላብጦ ያያል፤ በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ይመረምራል፤ ፊደላቱ መኖራቸውን ያረጋግጣል፤ ነጥቡ የጠፋውን፣ ፊቱ የተፋቀውን፣ መልኩ እንግዳ የሆነበትን ይመልሳል። በጎረቤት ሱዳንም የዚሁ ብር አንድ ስም «አቡ ኑቅጣ»፣ ማለትም «ባለነጥቡ» የሚል ነበር።

ይህን ያዩ የውጭ ተጓዦች ብዙ ጊዜ በግርምት፣ አንዳንዴም በንቀት ጽፈዋል። የአገሬው ሰው ባላዋቂነቱ በሴት ምስል የተማረከ አድርገው የገመቱ አልጠፉም። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። ማንበብ የማይችል፣ ሚዛን የሌለው፣ አቤት የሚልበት ባንክም ሆነ ፖሊስ ያላገኘ ገበያተኛ ከማጭበርበር ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ይህ ነበር። መልኩ ለዘመናት ያልተለወጠ ገንዘብ ሐሰተኛው በቀላሉ ይታወቃል። ዕንቁ መቁጠር የራሱ የገበያተኛው የጥራት ቁጥጥር ነበር።

የዓለም መንግሥታት ይህን የተማሩት ከስረው ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የአገሬው ሰው ሌላ ገንዘብ አልቀበልም ስላለ ከቪየና ጠገራ ማስመታት ግድ ሆኖባቸዋል። ኢጣሊያ ለኤርትራ ግዛቷ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ታለሮ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አስመታች፤ ገበያው ገፋው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ብልሃት የጨመረች መስሏት የጠገራውን የሚመስል፣ ነገር ግን የኢጣሊያን ምሳሌ የሆነች የሌላ ሴት ምስል ያለበት ብር አወጣች፤ እርሱም አልሆነም። በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ለወረራው ስትዘጋጅ፣ እውነተኛውን የጠገራ መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም መምታት ጀመረች። ብሪታንያ በተከታዩ ዓመት በለንደን ቀጠለች። ፓሪስና ብራስልስ ተከተሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ ቦምቤይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ ደግሞ በርሚንግሃም መቱ። ሁሉም በአንድ ስም፣ በአንድ ዓመት፣ በ1780!

የዛሬዎቹ ሰብሳቢዎች የሚራቀቁበት ነገር ከዚህ የመነጨ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ የሆነውን ብር በአጉሊ መነጽር ይመረምራሉ፤ የንስሩን የጅራት ላባ፣ የጌጡን ቅርጽ፣ የፊደሉን አቀማመጥ እያዩ ይህ የሮም ነው፣ ይህ የቦምቤይ ነው ብለው ይለያሉ። የእኛም ሳንቲሞች እንዲሁ ናቸው። የ1887 እና የ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ላይ አንበሳው የሚያነሣው የግራ እግሩን ነው፤ በ1892 እና በ1895ቱ ላይ ግን ቀኙን። 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበት የመዳብ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር፤ የብር ቅብ ተቀብቶ በ50 ሳንቲም ስም ይሸጥ ስለጀመር ዙሪያው ተጨምቆ ሞገድ የመሰለ ጠርዝ ተደረገለት። በደርግ ዘመን የወጡት የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞችም በብሪታንያና በበርሊን ስለተመቱ የአንበሳው ራስና ጺም አንድ ዓይነት አይደለም። እያንዳንዷ ትንሽ ልዩነት የአንድ መንግሥት ችግር ወይም የአንድ ሕዝብ ጥርጣሬ ምስክር ናት።

ልዩነትን መሰብሰብ ዛሬ ለወጣቶች አዲስ ነገር አይደለም። «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለው የምናብ ዓለም የካርድ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የመጀመሪያው ኅትመት ካርዶች ማዕዘን ከሁለተኛው ይልቅ ክብ ያለ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢ የማዕዘኑን ቅርጽ አይቶ የአንዲትን ካርድ ዋጋ እጅግ ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው ራሱ የሚያብረቀርቁ ልዩ ካርዶችን አውቆ በጥቂቱ ያትማል። ልዩነቱን እናስተውል። በካርዱ ዓለም የትኛው ብርቅ እንደሚሆን የሚወስነው አታሚው ነው። በጠገራው ዓለም ግን አታሚዎቹ ኃያላን መንግሥታት ሆነው ሳለ፣ የትኛው ብር ብር እንደሚባል የወሰነው በባሶ ገበያ የቆመው ሻጭ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክን ለመውቀስ አይደለም። በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ በአዋጅ ማቆማቸው፣ ከዓድዋም በፊት፣ የነጻ አገር ምልክት ነበር። ብሩ በፓሪስ ተመታ፤ ጥራቱ አልተጓደለም። ነገር ግን ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ እዚህ ግን ተረቱ አልሠራም። ገበያው የንጉሡን ክብር አልናቀም፤ የጠየቀው «ነገ ይህን ብር ሌላው ሰው ይቀበለኛልን?» የሚለውን ብቻ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ደግሞ በአዋጅ አይታተምም፤ በዘመን ብዛት ይጠራቀማል።

ፋሺስቶችም በተራቸው አይተውታል። በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ከያዙ በኋላ ሊሬን ብቸኛ ገንዘብ ለማድረግ ሞከሩ፤ የጠገራውን ምንዛሪ ደጋግመው ከፍ ቢያደርጉም ገበሬው ብሩን ቀበረ እንጂ አላወጣም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የጎጃም አርበኞችን ለማገዝ ሲገባ ከያዘው ነገር አንዱ ጠገራ ነበር። አያቴ «ሁለት ብር» ያሏቸውም በዚያው በጠላት ዘመን ከመሬት ሥር የከረሙ መሆናቸውን ከእርሳቸው ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. መንግሥት የብር ኖቶችን ሲለውጥና ባለ 200 ብር ሲጨምር የሦስት ወር ጊዜ ሰጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሁለቱም ጊዜ ስለ ውሳኔው ተገቢነት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ብዙ ተከራክረዋል። ከክርክሩ የጎደለው ግን የአያቴ ጥያቄ ይመስለኛል። ወርቅ የሚገዛ፣ ከብት የሚያበዛ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚከምር ሰው «አገሩን የማይወድ» ተብሎ ሲወቀስ እሰማለሁ። ሰውየው ዕንቁ እየቆጠረ ነው። መንግሥት በገንዘቡ ላይ ማኅተሙን መምታት ይችላል፤ እምነትን መምታት ግን አይችልም። እምነት የሚገኘው ዛሬ የተባለው ነገ ሳይለወጥ ሲቀር ነው። 1780 የሚለው ዓመት ያን ያህል የተወደደው ስለማይለወጥ ብቻ ነበር።

አያቴ ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ ተመካክሮ ሁለቱን ጠገራዎች ለብር አንጥረኛ ሸጠ። በግራም ተመዘኑ፤ ቀለጡ፤ የአንገት መስቀል ሆነው ይሆናል። ከሮም ይሁኑ፣ ከቪየና፣ ወይስ ከቦምቤይ፣ ያየ የለም፤ እኔም ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩና ለማየት አላሰብኩም። ይህን በጸጸት እጽፋለሁ። ለእኔ የደረሰኝ ከቁጥር የወጣው አንበሳ ነው። 1889 ይላል፤ የግራ እግሩን አንሥቷል። በዛሬ ሰብሳቢዎች ዘንድ ከተራው ጠገራ ይልቅ ውድ እርሱ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በእናቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ የቀረ ካለ ለሚዛን ከመስጠታችሁ በፊት አገላብጣችሁ እዩት፤ ከማን እንደመጣ፣ ማን ተቀብሎት ማን እንደመለሰው ጠይቃችሁ ጻፉ። ብሩን አንጥረኛው ያቀልጠዋል፤ ታሪኩን ግን የሚያቀልጠው የእኛ አለመጠየቅ ነው።