የባት ጡንቻ ልኬት አስተማማኝነት በኤሌክትሮድ አቀማመጥ ይወሰናል

የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከቆዳ ላይ የሚመዘግበው የኤሌክትሮማዮግራፊ (ኢኤምጂ) ምርመራ በስትሮክ ወይም በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት የአረማመድ ችግር ያጋጠማቸውን ሕሙማን ለመከታተል ያገለግላል። ከቆዳ ላይ የሚገኘው ምልክት ከጥቂት ሚሊ ቮልት የማይበልጥ በመሆኑ ኤሌክትሮዱ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ውጤቱ ይለወጣል፤ የአጎራባች ጡንቻ ምልክትም ሊቀላቀልበት ይችላል።

በዚህ ረገድ በየተቋማቱ የነበረውን የአሠራር ልዩነት ለማጥበብ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1999 የተካሄደው «ሴኒያም» የተሰኘ ፕሮጀክት ለየጡንቻው የአቀማመጥ መመሪያ አዘጋጅቷል።

ባት በዋናነት የሁለት ጡንቻዎች ስፍራ ነው። ከላይ የሚታየውና ሁለት ክፍል ያለው ጋስትሮክኒሚየስ ሲባል ከሥሩ የሚገኘው ሶሊየስ ይባላል። ሁለቱም በተረከዝ ጅማት አማካይነት ከተረከዝ አጥንት ጋር ይያያዛሉ።

በመመሪያው መሠረት ለጋስትሮክኒሚየስ የውስጥ ክፍል ኤሌክትሮዶቹ የሚለጠፉት ጡንቻው ጎላ ብሎ በሚታይበት ቦታ ነው። ለውጭው ክፍል ከፊቡላ አጥንት ራስ እስከ ተረከዝ በሚሰመረው መስመር ላይ ከላይ አንድ ሦስተኛው ተለክቶ ይለጠፋል። ለሶሊየስ ደግሞ ከጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ የውስጥ ጉብታ እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ባለው መስመር ላይ ከላይ ሁለት ሦስተኛው ይለካል።

ከመለጠፉ በፊት ፀጉር ይላጫል፤ ቆዳውም በአልኮል ተጠርጎ እንዲደርቅ ይደረጋል። በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከለኛ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የማነጻጸሪያው ኤሌክትሮድ በቁርጭምጭሚት አካባቢ ይደረጋል።

አቀማመጡ ትክክል መሆኑ በእንቅስቃሴ ይረጋገጣል። ጋስትሮክኒሚየስ የሚፈተሸው ታካሚው በሆዱ ተኝቶ፣ ጉልበቱን ዘርግቶና እግሩን ከአልጋው ጫፍ አሳልፎ ተረከዙን ወደ ላይ ሲስብ ነው። ሶሊየስ ግን ታካሚው ጉልበቱን 90 ዲግሪ ያህል አጥፎ በተቀመጠበት ተረከዙን ሲያነሳ ይፈተሻል። ጋስትሮክኒሚየስ ጉልበትን ተሻግሮ የሚያልፍ በመሆኑ ጉልበት ሲታጠፍ ያጥራል፤ የሚያበረክተው ኃይልም ስለሚቀንስ የሶሊየስን ድርሻ ለይቶ ለማየት ያመቻል።

የተለኩት ርቀቶች በታካሚው የሕክምና መዝገብ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። ይህ ካልተደረገ በቀጣዩ ቀጠሮ የሚታየው ለውጥ የታካሚው መሻሻል ይሁን የኤሌክትሮዱ ቦታ መቀያየር መለየት አይቻልም። በመሆኑም ለአገልግሎቱ ጥራት መሣሪያውን ማሟላት ብቻ ሳይሆን ባለሙያውን በአቀማመጥና በአመዘጋገብ ማሠልጠንም እኩል አስፈላጊ ነው።